ቅዱስ አጎስጢኖስ፦ በሥጋ ፈቃድና በመንፈስ ፈቃድ መካከል

ንስሐ ገብቶና ቅዱስ ቁርባን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ክርስቲያን፣ ብዙ ሳይቆይ ያው የቀድሞው ፈተና ደጁ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ እንዳይወድቅ ያሰጋል። አንዱ ንስሐዬ ከልብ አልነበረም በማለት ተስፋ ይቆርጣል፤ ሌላው ደግሞ ተፈጥሮዬ ነውና ምን ላደርግ እችላለሁ እያለ ራሱን ከጥፋት ነጻ ያወጣል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜና ለገላትያ ምእመናን በላካቸው መልእክቶች፣ በሥጋና በመንፈስ መካከል ስላለው ተጋድሎ በሰፊው አስተምሯል። ይህን ትምህርት በገዛ ሕይወታቸው ከመረመሩት የቤተ ክርስቲያን አባቶች መካከል ግን የልቡን ጓዳ ሁሉ ከፍቶ በማሳየት ቅዱስ አጎስጢኖስን የሚያህል አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ የዚህን የአፍሪካ ልጅ ሕይወት ከዚሁ ተጋድሎ አንጻር እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ወጣትነት

አጎስጢኖስ ኖቬምበር 13 ቀን 354 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ፣ በሮማውያን ግዛት ሥር በነበረችው በታጋስቴ ከተማ ተወለደ። ይህች ከተማ ዛሬ በአልጄሪያ የምትገኘው ሱቅ አህራስ ናት። አባቱ ፓትሪክዮስ መጠነኛ ርስት የነበረው ቁጡ ሰው ሲሆን፣ አብዛኛውን ዕድሜውን በአሕዛብ እምነት ኖሮ ጥምቀትን የተቀበለው በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ነበር። እናቱ ሞኒካ ግን በክርስቲያን ቤት ያደገች፣ በጸሎትና በትዕግሥት የጸናች ሴት ነበረች። ልጅዋን ገና በሕፃንነቱ ከንኡሰ ክርስቲያን ወገን አስቈጠረችው። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ኃጢአት ይበልጥ ይከብዳል በሚል ፍርሃት ጥምቀትን ማዘግየት የተለመደ ስለ ነበር ሕፃኑ አልተጠመቀም። አንድ ጊዜ በጽኑ ታሞ ለመጠመቅ ከተዘጋጀ በኋላ እንኳ፣ ሕመሙ ሲሻለው ጥምቀቱ እንደገና ተላለፈ።

በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ በማጣት አንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ በቤት ተቀመጠ። በዚያን ወቅት ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት ወጥቶ ከጎረቤት ዛፍ ላይ ፒር የሚባለውን ፍሬ ሰረቀ። ፍሬው እምብዛም የሚያምር አልነበረም፤ እነርሱም አልተራቡም ነበር። አብዛኛውን ለዐሣማ ጣሉት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጳጳስ ሆኖ ኑዛዜ የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ፣ ለዚህች ትንሽ ለሚመስል ስርቆት ሰፊ ቦታ ሰጥቶአታል። ምክንያቱም የኃጢአት ሥር በሥጋ ረሀብ ላይ ሳይሆን በፈቃድ ላይ መሆኑን ያየው በእርስዋ ነው። ሳይርበው የሰረቀው የተከለከለውን ማድረጉ ራሱ ስላስደሰተው ነበር፤ ብቻውንም ቢሆን ኖሮ ባላደረገው ነበር።

አባቱ ካረፈ በኋላ አንድ የአገሩ ባለጠጋ ባደረገለት እርዳታ በካርታጎ ከተማ ትምህርቱን ቀጠለ። በዚያ ያለ ሕጋዊ ጋብቻ ከአንዲት ሴት ጋር መኖር ጀመረ። ከእርስዋም አዴዎዳቱስ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ትርጉሙም እግዚአብሔር የሰጠው ማለት ነው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሆርቴንስዮስ የሚባለውን የሮማዊውን ፈላስፋ የሲሴሮን መጽሐፍ አንብቦ በጥበብ ፍቅር ተቃጠለ። ወዲያውም ቅዱሳት መጻሕፍትን ገለጠ፤ ነገር ግን የቋንቋቸው ትሕትና የንግግርን ጥበብ ለተማረው ለወጣቱ ትዕቢት አልተስማማውም፤ ስለዚህ ትቶአቸው ሄደ።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም የሚል ትምህርት

ከዚህ በኋላ ወደ ማኒያውያን ወገን ገባ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህልም ከእነርሱ ጋር ቆየ። ማኒ በሦስተኛው መቶ ዘመን በፋርስ ግዛት የተነሣ መምህር ሲሆን፣ የብርሃንና የጨለማ ሁለት ባሕርያት ከጥንት ጀምሮ እንደሚዋጉ፣ የሰው ነፍስ ከብርሃን፣ ሥጋው ግን ከጨለማ እንደሆነ ያስተምር ነበር። ይህ ትምህርት ወጣቱን አጎስጢኖስን የሳበበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ክፉ ሲሠራ የሠራው እርሱ ሳይሆን በእርሱ ውስጥ ያለ ሌላ ባሕርይ እንደሆነ አድርጎ እንዲያስብ ፈቀደለት። በዚህ ዓይነት በኃጢአቱ እየኖረ ራሱን እንደ ንጹሕ ሊቆጥር ቻለ። የማያምመው መስሎት ቁስሉን ሸፈነው፤ የተሸፈነው ቁስል ግን አልዳነም።

እናቱ ሞኒካ ስለ ልጅዋ ታለቅስ ነበር። ከልጅዋ ጋር እንዲከራከርላት የለመነችው አንድ ጳጳስ፣ እርሱ ራሱ በልጅነቱ በማኒያውያን መካከል ያደገ ነበርና፣ ለጊዜው ክርክር እንደማይጠቅም ነግሮ በጸሎት እንድትጸና አጽናንቶ አሰናበታት። አጎስጢኖስ ዝነኛው የማኒያውያን መምህር ፋውስጦስ ጥያቄውን እንዲመልስለት ሲጠብቅ ኖሮ፣ በ383 ዓ.ም. ሲገናኙ አንደበተ ርቱዕ ቢሆንም እውቀቱ ጥልቅ አለመሆኑን አወቀና ልቡ ከእነርሱ መሸሽ ጀመረ። በዚያው ዓመት እናቱን አታልሎ፣ እርስዋ በወደቡ አጠገብ ባለው የቅዱስ ቆጵርያኖስ ጸሎት ቤት ስትጸልይ በሌሊት ወደ ሮማ ተሳፈረ።

አእምሮው አመነ፣ ፈቃዱ ግን ታሰረ

በ384 ዓ.ም. በሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። በዚያ ጳጳሱን ቅዱስ አምብሮስዮስን አገኘ። በመጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደው የጳጳሱን የንግግር ችሎታ ለመመዘን ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ከቃላቱ ጋር ትርጉሙም ወደ ልቡ ገባ። ብሉይ ኪዳን በመንፈሳዊ ትርጉም ሲገለጥ የቀድሞ መሰናክሎቹ ተወገዱለት። ከፕላቶን ተከታዮች መጻሕፍትም ክፋት ራሱን የቻለ ባሕርይ ሳይሆን የመልካም ነገር መጉደል መሆኑን ተረዳ። በዚህም ሰበብ የሚያደርገው የጨለማ ባሕርይ አልቀረለትም። ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ አሁን አወቀ።

ማወቅ ግን መዳን አልነበረም። በወጣትነቱ ስለ ንጽሕና ይጸልይ እንደነበረ፣ ነገር ግን ጸሎቱ ቶሎ እንዳይሰማለት ይፈራ እንደነበረ ራሱ መስክሯል። የተጣመመ ፈቃድ ፍትወትን ይወልዳል፤ ለፍትወት ሲገዙለት ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ሳይቃወሙት ሲቀር እንደ ግዴታ ይጸናል። አጎስጢኖስ በዚህ ሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ ሰንሰለቱም ሌላ ሰው ያሰረው ሳይሆን የገዛ ፈቃዱ ብረት እንደሆነ አልደበቀም።

በ385 ዓ.ም. ሞኒካ ሚላኖ ደረሰች፤ ለልጅዋም ሕጋዊ ጋብቻ ታሰበለት። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት አብራው የኖረችው የልጁ እናት ወደ አፍሪካ እንድትመለስ ተደረገ። እርስዋም ከእንግዲህ ሌላ ወንድ እንደማታውቅ ለእግዚአብሔር ተስላ ልጅዋን ከአባቱ ዘንድ ትታ ሄደች። የታጨችለት ልጅ ገና ለጋብቻ ያልደረሰች ስለ ነበረች ሁለት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። አጎስጢኖስ ግን ይህን መታገሥ አቅቶት ሌላ ሴት ያዘ። ስምዋ ያልተጻፈው ያች ሴት በንጽሕና ስትጸና፣ የንግግር መምህሩ መውደቁን ሳይሸሽግ ጽፎታል። የቅዱሳንን ታሪክ ስናስተምር እንዲህ ያለውን ክፍል ልንዘልለው አይገባም፤ ጸጋ ከየት እንዳነሣው የሚታወቀው በዚህ ነውና።

የወዳጁ የአሊጵዮስ ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አሊጵዮስ በሮማ ሳለ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚገዳደሉበትን ትርኢት ይጸየፍ ነበር። ጓደኞቹ በግድ ወደዚያ ሲወስዱት፣ ሥጋዬን ብትወስዱ እንጂ ልቤን አትወስዱም በሚል መንፈስ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። የሕዝቡ ጩኸት ጆሮውን ሲመታው ግን ዓይኑን ገለጠ፤ ደሙንም አይቶ በትርኢቱ ሰከረ። ከዚያ ወዲያ ራሱ ሌሎችን እየጎተተ የሚሄድ ሆነ። የወደቀው ትርኢቱን ስለ ወደደ አልነበረም፤ በራሱ ኃይል ስለ ተመካ ነው።

በአትክልቱ ሥፍራ

በ386 ዓ.ም. በበጋ ወራት ፖንቲክያኖስ የተባለ በቤተ መንግሥት የሚያገለግል የአገሩ ሰው አጎስጢኖስንና አሊጵዮስን ሊጠይቅ መጣ። በወሬአቸው መካከል የግብፁን መነኩሴ የአባ እንጦንስን ሕይወት፣ ይህንንም ታሪክ አንብበው የንጉሡን አገልግሎት በአንድ ቀን የተዉ የሁለት ሹማምንትን ነገር አጫወታቸው። የአባ እንጦንስን ገድል የጻፈው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። የአክሱምን የመጀመሪያ ጳጳስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስን፣ የሾመውም ይኸው አትናቴዎስ ነበር። እንግዲህ ለአገራችን ጵጵስናን በላከው በዚያው አባት መጽሐፍ ምክንያት የሌላው አፍሪካዊ ልብ ተነካ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ አጎስጢኖስ በታላቅ ሁከት ወደ ቤቱ አትክልት ሥፍራ ወጣ። ያልተማሩ ሰዎች መንግሥተ ሰማያትን ሲወርሱ እርሱ ከነትምህርቱ በሥጋ ጭቃ ውስጥ መቅረቱ አሳፈረው። በዚያም አንድ ነገር አስተዋለ። እጁን ሲያዝዘው ይታዘዛል፤ ፈቃዱን ሲያዝዘው ግን አይታዘዝም። በጎውን የሚወድደውም፣ የቀድሞውን ልማድ የሚናፍቀውም እርሱ ራሱ ነበር። ማኒያውያን እንዳሉት ሁለት ባሕርያት አልነበሩም፤ በኃጢአት ምክንያት የተከፈለ አንድ ሰው እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋ ሲል እግዚአብሔር የፈጠረውን አካል መንቀፉ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሐዋርያው ከሥጋ ሥራዎች መካከል ቅናትን፣ ጠብንና መለያየትንም ቈጥሯል፤ እነዚህም የአካል ሳይሆኑ ከእግዚአብሔር ፊቱን ያዞረ ልብ ሥራዎች ናቸው።

አጎስጢኖስ ከወዳጁ ራቅ ብሎ በበለስ ዛፍ ሥር ወድቆ ሲያለቅስ፣ ከጎረቤት ቤት አንሥቶ እንዲያነብ የሚያዝ የሚመስል የሕፃን ድምፅ በዜማ ሲደጋገም ሰማ። ድምፁን የእግዚአብሔር ትእዛዝ አድርጎ በመቀበል የቅዱስ ጳውሎስን መልእክቶች ገለጠ፤ ዓይኑም በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 13 መጨረሻ ላይ ዐረፈ። በዚያ የተጻፈው ስካርንና ዝሙትን፣ ጠብንና ቅናትን ትቶ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስን ስለ መልበስ ነው። ከዚያ በላይ ማንበብ አላስፈለገውም፤ ለብዙ ዓመታት የራሱ ብርታት ያልቈረጠው ሰንሰለት በጸጋ ተቈረጠ። አሊጵዮስም ቀጥሎ ያለውን ቃል ለራሱ ወሰደ። ሁለቱም ወደ ሞኒካ ሄደው ነገሩን ነገሩአት፤ እንባዋም ወደ ምስጋና ተለወጠ።

ከጥምቀት በኋላ የቀጠለ ተጋድሎ

በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት አጎስጢኖስ፣ ልጁ አዴዎዳቱስና አሊጵዮስ ከቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ጥምቀትን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሞኒካ በሮማ አጠገብ ባለችው በኦስቲያ ወደብ በ56 ዓመትዋ ዐረፈች። በ388 ዓ.ም. አጎስጢኖስ ታጋስቴ ገብቶ ከወዳጆቹ ጋር በማኅበር መኖር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ አዴዎዳቱስ ገና በለጋነቱ ሞተበት። በ391 ዓ.ም. ለጉብኝት በሄደባት በሂፖ ከተማ ምእመናኑ ይዘው ለክህነት አቀረቡት፤ እርሱም እያለቀሰ ተቀበለ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ የዚያች ከተማ ጳጳስ ሆነ። ሂፖ ዛሬ በአልጄሪያ አናባ የምትባለው ናት።

ብዙ ሰዎች የቅዱሱን ታሪክ ሲተርኩ በአትክልቱ ሥፍራ ያቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፈተና ያላየ ይመስላቸዋል። እርሱ ግን ኑዛዜን በ397 ዓ.ም. ገደማ መጻፍ ሲጀምር፣ የቀድሞ ኃጢአቱን ብቻ ሳይሆን ጳጳስ ሆኖ ሳለ ያለበትንም ሁኔታ በዐሥረኛው ክፍል ገልጦአል። የድሮው ሕይወት ምስሎች በሕልሙ እንደሚመጡበት ጻፈ። ምግብን እንደ መድኃኒት በልክ መውሰድ እንደሚገባው ቢያውቅም፣ ከልክ ማለፍ ሳያስበው እንደሚመጣበት አልሸሸገም። በመዝሙር ጊዜ ከቃሉ ይልቅ ዜማው ሲማርከው ራሱን ይወቅስ ነበር። በመንገድ ጥንቸል የሚያሳድድ ውሻ፣ በቤት ዝንብ የሚይዝ ሸረሪት እንኳ አሳቡን ከጸሎት ይሰርቁበት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራው ግን የሰዎች ምስጋና ነበር፤ ምስጋናን እንደናቀ ሲያስብ፣ በመናቁ ደግሞ ሊመካ እንደሚችል አየ።

ይህን ሁሉ የጻፈው ተስፋ ለማስቈረጥ አይደለም። ቁስለኛ መሆኑን ያወቀ ሰው ሐኪሙን ይፈልጋል፤ ሐኪሙም ክርስቶስ ነው። እርሱም በበኩሉ ጥንቃቄ ማድረግን አልተወም። ከካህናቱ ጋር የግል ንብረት ሳይኖረው በአንድነት ኖረ። ገበታው ቀላል ነበር፤ ማንኪያዎቹ የብር ቢሆኑም ሌላው ዕቃ ከእንጨት፣ ከሸክላና ከእብነ በረድ የተሠራ ነበር። በገበታው ላይ የሌላውን ሰው ሕይወት የሚያማ ከማዕዱ እንዲርቅ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበረበት። ደቀ መዝሙሩ ጳጳስ ፖሲድዮስ እንደ ጻፈው፣ ሌሎች ጳጳሳት ይህን ረስተው ሲያሙ አጎስጢኖስ ሊነሣባቸው እንኳ ደርሷል። በሐሜትም የሥጋ ፈቃድ እንደሚሠራ ያውቅ ነበርና።

በዚያን ዘመን ፔላግዮስ የተባለ ከብሪታንያ የመጣ መነኩሴ፣ ሰው በነጻ ፈቃዱና በራሱ ጥረት ትእዛዛትን ሁሉ መፈጸም እንደሚችል ያስተምር ነበር። ትምህርቱ ለሰነፎች ተግሣጽ የሚሆን ይመስላል። አጎስጢኖስ ግን የአሊጵዮስን አወዳደቅና የራሱን ሰንሰለት አልረሳም። ሰው ፈቃዱን እንዲያዘነብል የሚያስችለው፣ የጀመረውንም እንዲፈጽም የሚረዳው የእግዚአብሔር ጸጋ እንደሆነ ተከራከረ። በ418 ዓ.ም. በካርታጎ የተሰበሰበው ጉባኤ የፔላግዮስን ትምህርት አወገዘ። እንዲህ አጎስጢኖስ ሁለቱንም ስሕተቶች ተዋግቶአል፤ በወጣትነቱ ጥፋቱ የእኔ አይደለም የሚለውን ተወ፣ በሽምግልናው ድሉ የእኔ ነው የሚለውን ተቃወመ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

አንድ የካርታጎ ዲያቆን፣ ስሙ ዴዎግራትያስ፣ አዳዲስ ሰዎችን ሲያስተምር ትምህርቱ ለራሱም እንደሚሰለቸው ጽፎ ምክር ቢጠይቀው፣ አጎስጢኖስ በ400 ዓ.ም. ገደማ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ላከለት። መምህሩ በደስታ እንዲያስተምር፣ የተማሪውን ሁኔታና አሳብ እንዲመረምር፣ ቆሞ የደከመውንም እንዲያስቀምጠው ይመክራል። የመጽሐፉ ዋና አሳብ ተማሪው የእግዚአብሔርን ፍቅር ሰምቶ እንዲያምን፣ አምኖ ተስፋ እንዲያደርግ፣ ተስፋ አድርጎም እንዲያፈቅር መርዳት ነው። የራሱን ልብ ድካም ያወቀ መምህር የተማሪውን ድካም በትዕግሥት ይሸከማል። በቁምስናዎቻችን ልጆችንና ንኡሰ ክርስቲያንን የምታስተምሩ ሁሉ ይህን ምክር ብታስቡት ይጠቅማችኋል።

ዕረፍቱ

በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች የተባሉት ወራሪዎች ሂፖን ከበቡ። በከበባው በሦስተኛው ወር ሽማግሌው ጳጳስ በንዳድ ታመመ። ቀደም ሲል ለወዳጆቹ፣ ከጥምቀት በኋላ የተመሰገነ ክርስቲያንም ሆነ ካህን ያለ ተገቢ ንስሐ ከዚህ ዓለም ሊለይ እንደማይገባው ይነግራቸው ነበር። አሁንም ራሱ ይህን ፈጸመ። የዳዊትን የንስሐ መዝሙሮች አስጽፎ በአልጋው ትይዩ በግድግዳ ላይ አሰቀለ፤ እያነበበም ያለማቋረጥ አለቀሰ። ለዐሥር ቀናት ያህል ከሐኪሞችና ምግብ ከሚያመጡለት በቀር ማንም እንዳይገባበት ለመነ። ኦገስት 28 ቀን 430 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ ዐረፈ። የሚናዘዘው ሀብት ስላልነበረው የውርስ ጽሑፍ አልተወም፤ ለቤተ ክርስቲያን የቀሩት መጻሕፍቱ ናቸው። ለማኅበር ኑሮ የጻፈው ሥርዓት እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ገዳማውያን ዘንድ ይጠበቃል፤ በሜይ 2025 የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛም ከቅዱስ አጎስጢኖስ ማኅበር ናቸው። በዓሉ የእናቱ የቅድስት ሞኒካ በዓል በዋለ ማግሥት፣ ነሐሴ 22 ቀን ይውላል።

ውድ ምእመናን፣ ከተጠመቀ 43 ዓመት ያለፈው፣ ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው ይህ አባት የሞተው ድል አድራጊነቱን እየቈጠረ አልነበረም፤ በንስሐ መዝሙር ፊት ሆኖ እንጂ። ስለዚህ ፈተና ዛሬም ሲመጣብን ንስሐችን ሐሰት ነበር ብለን ተስፋ አንቁረጥ፤ ተፈጥሮአችን ነው ብለንም አንተኛ። የሚታገል ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ቅዱስ አጎስጢኖስ ሳይሰለች ወደ ምሥጢረ ንስሐ፣ ወደ ቅዱስ ቁርባንና ወደ ጸሎት እንድንመለስ ያማልደን። አሜን።